ለአባቴ ቮልስ ቀለሟን ለመለሱላት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ቮልስዋገኔን ያዩ ወዳጆቼ «ማን ቀባልሽ?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በሰፊው ለመጻፍ ወስኛለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ስትሆን ከአባቴ የወረስኳት ናት። የቀቧት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የሚሠሩ አንጋፋ የመኪና ቀለም ቀቢ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ውለታቸውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩት የምፈልገውን ወስኜ ነበር። ከወገቧ በታች ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ እንዲሆን አስቤ በስልኬ የያዝኩትን የውጭ አገር መኪና ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶውን በጥሞና ተመልክተው «ልጄ፣ እዚያ አገር ያምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ሰማያዊና ነጭ የታክሲ ልብስ ነው፤ ሰው በየመንገዱ እጁን እየዘረጋ ያስቆምሻል» አሉኝ። እንግዲያው ቀይ ይሁንልኝ ስላቸው፣ ቀይ ቀለም በዚህ ከፍታ ላይ ያለውን ብርቱ ፀሐይ እንደማይችል፣ ከጊዜ በኋላ ኮፋኖውና ጣሪያው ከበሮቹ ቀድመው እንደሚደበዝዙ አስረድተው፣ ግቢያቸው ውስጥ የቆመች አንዲት አሮጌ መኪና ወስደው አሳዩኝ። ሜታሊክ የሚባለውን፣ ብረት መሰል ብልጭታ ያለውን ቀለም ስጠይቅም በዚያ ዘመን ቮልስ ከፋብሪካ የምትወጣው በድፍን ቀለም እንደነበር፣ ደግሞም ሜታሊክ አንድ ቦታ ቢጫር ያንን ቦታ ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ነገሩኝ።

እውነቱን ለመናገር ያመንኳቸው ሦስት ጊዜ እምቢ ሲሉኝ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ጋራዥ መኪናዋን ነጭ ሲቀባት ያልኩትን ሁሉ እሺ ብሎ፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ማለትም ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑትን ጎባጣ ላሜራዎች፣ ሳይፈታ፣ በፓራፋንጎውና በአካሏ መካከል የሚገባውን የላስቲክ ክር ጭምር አብሮ ቀብቶ አስረክቦኝ ነበር። አንድ ክረምት እንዳለፈ ቀለሙ በዚያው መስመር ተሰንጥቆ መላጥ ጀመረ።

እኚህ ሰው ግን መጀመሪያ ያነሱት ብርጭቆ ወረቀት ነው። በሩን ከፍተው ጠርዙ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላትን ቦታ በውኃ እያራሱ ቀስ ብለው በክብ ፈተጉ። ነጩ ሲሳሳ ከሥሩ ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ቀይ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ሰማያዊ እንደ ሽንኩርት ቀለበት ተራ በተራ ብቅ አለ። ከዚያም እስኮርታውን፣ ማለትም መለዋወጫ ጎማውን፣ አውጥተው ከኋላው ያለውን፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቀውን ላሜራ በጨርቅ ወለወሉት፤ ያው ሰማያዊ ቀለም ሳይደበዝዝ እዚያ ተቀምጧል። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ሲያስጠይቀኝ የኖረው፣ ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ «ሰማያዊ» የሚለው ቃል እውነት መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከፋብሪካው የቀለም ዝርዝር ጋር ሲያመሳክሩት ኤል 519፣ ባሃማ ብሉ የተባለው ሆኖ ተገኘ።

ይህም ሆኖ ወዲያው አልቀቡም። አንዱን በዝርዝሩ ናሙና ልክ፣ አንዱን ከእስኮርታው ጀርባ ባገኙት ልክ፣ ሦስተኛውን ትንሽ አጥቁረው ቀመሙና ሦስቱንም አሮጌ የቮልስ ፓራፋንጎ ላይ ጎን ለጎን ረጩ። ቆርቆሮ ላይ ለምን እንዳልሞከሩት ስጠይቃቸው «ቮልስ ጠፍጣፋ ቦታ የላትም፤ ቀለሟን ጉብታ ላይ ነው ማየት» አሉኝ። ፓራፋንጎውን ደጅ አውጥተው ጠዋት፣ ቀትርና ማምሻ ላይ መጥቼ እንዳየው አዘዙኝ። በቀትር የመጀመሪያው ነጣ ብሎ ቀለሙ የጠፋ መሰለ፤ ወደ ማታ ሦስተኛው ከሰል ወደ መምሰል አደላ። ሁለተኛው ግን ጉብታው ላይ ብርሃን ሲያርፍበትም፣ ጥላው ሲወርድበትም ያው ሰማያዊ ነበር፤ እሱን መረጥን።

የዚህ ዘመን ቮልስ ዳሽቦርድ ብረት ስለሆነ ከውጭው ጋር አንድ ቀለም ይቀባል፤ በመሆኑም ለወንበሮቹ ያሰብኩትን ጥቁር ልባስ ትቼ በእሳቸው ምክር ክሬም አድርጌያለሁ። ቸርኬዎቹም ክሬም ሆኑ፤ ፓራውልቱ፣ ማለትም የፊትና የኋላ መከላከያው፣ ክሮም እንደሆነ ቀረ። የላስቲክ ክሩን በተመለከተ ጥቁሩ ፓራፋንጎውን ከአካሏ ቆርጦ እንደሚያሳይ ነግረውኝ ሰማያዊ ክር ፈልገው አስገቡ፤ በእኔ ዓይን ለመኪናዋ መልክ ከቀለሙ ቀጥሎ የጠቀማት ይህ ነው።

ሥራቸው ፈጣን አይደለም። መኪናዋን የወሰድኩላቸው በሐምሌ ቢሆንም፣ እርጥበት ባለበት አየር የተረጨ ቀለም ጭጋግ እንደሚለብስ ገልጸው የላሜራውንና የስቱኮውን (ጎድጓዳውን ሞልቶ የማስተካከያውን) ሥራ በክረምቱ ጨርሰው ቀለሙን የረጩት ከመስቀል በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ መኪና በላይ አይቀበሉም፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ወጪ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ በመጨረሻም ከዚያ ወረቀት የበለጠ አልከፈልኩም። ሲያስረክቡኝም የተረፈውን ቀለም በጣሳ አሽገው፣ ቁጥሩንና አቀማመሙን ከላዩ ጽፈው ለጭረት ጊዜ እንድይዘው ሰጡኝ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሮጌ መኪና ያላችሁና ቀለም የምታስቡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በፈቃዳቸው ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ፎቶ ባትይዙም ሊብሬውን ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።