ቀለህ መሙላት ወይስ የፋብሪካ ጥይት መግዛት፦ የቱ ይረክሳል?

ዒላማ ተኩስ የሚለማመዱ ወዳጆቼ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ያነሡብኛል። ለረጅም ርቀት ጠመንጃ መልሴ አንድ ነው፤ ቀለሁን፣ ማለትም ከተኩስ በኋላ የሚቀረውን የናስ ቅርፊት፣ ሰብስቡና ራሳችሁ ሙሉት። ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ግን የፋብሪካውን ገዝታችሁ ጊዜያችሁን ለልምምዱ አውሉት።

አንድ ጥይት ቀለህ፣ ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው)፣ ባሩድና አረር (ከበርሜሉ የሚወጣው) ነው። ከተኩስ በኋላ ዳግም የሚያገለግለው ቀለሁ ብቻ ሲሆን፣ በጠመንጃ ጥይት ላይ ከውዶቹ ክፍሎች አንዱም እርሱ ነው። የፋብሪካ ጥይት የሚገዛ ሰው የናሱን ዋጋ በየተኩሱ እንደ አዲስ ይከፍላል። ደኅና ናስ በመጠነኛ ግፊት ከ5 እስከ 10 ጊዜ ስለሚሞላ ዋጋው ለዚያ ሁሉ ተኩስ ይከፋፈላል። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በባሩዱ አትታለሉ። 308 ዊንቸስተር የተባለው የጠመንጃ ጥይት 2.8 ግራም ገደማ ስለሚወስድ ከ1 ኪሎ 350 ያህል ጥይት ይወጣል፤ ለ9 ሚሊ ሜትር 0.3 ግራም ገደማ ስለሚበቃ ያው ኪሎ ከ3,000 በላይ ይሞላል። ይህን የሰማ ሁሉ ሽጉጡ የበለጠ የሚያዋጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ፋብሪካዎች 9 ሚሊ ሜትርን በገፍ ስለሚያመርቱት ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ካፕሱሉና አረሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥይት የግድ ይገዛሉ። የሚተርፈው ለደከማችሁበት ሰዓት አይበቃም።

የመሙያ መሣሪያዎቹ፣ ማለትም መጭመቂያው፣ የቀለህ ቅርጽ ማስተካከያዎቹና የባሩድ ሚዛኑም ዋጋ አላቸው። እነዚህ በድምሩ የ500 ፋብሪካ ጥይት ዋጋ ቢያወጡና መሙላት ወጪውን በግማሽ ቢቀንስ፣ ገንዘባችሁ የሚመለሰው 1,000 ከሞላችሁ በኋላ ነው። በዓመት 100 ብቻ ለሚተኩስ ሰው 10 ዓመት ማለት ነው፤ እርሱ ባይጀምር ይሻለዋል። የጀመረ ደግሞ ከሌላው ይቆጥብ እንጂ ከሚዛኑ አይቆጥብ። የታወቁትን አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ዲጂታል ሚዛኖች የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ንባባቸው ይዋልላል። ክብደቱ የታወቀ መፈተሻ ከሌላችሁ ስሕተቱን የምታውቁት ከተኮሳችሁ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት መግዛትን፣ ፈጽሞ አልመክርም። አንድ ወዳጄ ምልክት የሌለው ከረጢት በርካሽ ገዛ፤ ከውስጡ ባሩድ ያልገባበት ተገኘ። ካፕሱሉ ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜሉ መካከል ቀረቀረው። የተኩሱ ድምፅ ደከም ማለቱን ልብ ብሎ ባያቆም ኖሮ ቀጣዩ ተኩስ በርሜሉን ያፈነዳው ነበር። ብዙ የመሣሪያ አምራቾችም በዳግም ሙሌት ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትናቸውን አያከብሩም።

ያገለገለ ቀለህ ስትገዙ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት፤ የሳበው ብረት ነውና ተዉት። ቀጥሎ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው የቦክሰር ዓይነት ነው፤ ያለቀው ካፕሱል በመርፌ ተገፍቶ በቀላሉ ይወጣል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት የበርዳን ነው፤ ካፕሱሉን ማውጣት አድካሚ ስለሆነ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት። በመጨረሻ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ የውስጥ ግድግዳውን ከግርጌው አጠገብ ዳብሱ። ሽቦው ጎድጓዳ መስመር ላይ ከያዘ ናሱ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል።