«የፋብሪካ ሞተሯን እንደያዘች ናት» የምትባል የ1967 ኮርቬት ለመግዛት ላሰባችሁ ማስጠንቀቂያ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው የቆዩ የአሜሪካ የስፖርት መኪኖችን ለምትወዱ፣ በተለይም አሜሪካ እየኖራችሁ ሁለተኛውን ትውልድ የሼቭሮሌት ኮርቬት ለመግዛት ገንዘብ ለምታጠራቅሙ ሰዎች ነው። የሚመለከተውም አንድን የሽያጭ አካሄድ ነው፦ ሻጩ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ሞተር አሁንም እንዳለ ይናገራል፣ በዚህም ምክንያት ዋጋዋን በአሥር ሺዎች ዶላር ከፍ ያደርጋል፣ ነገር ግን የገዢው ባለሙያ ሞተሩን ከማየቱ በፊት የማይመለስ ቀብድ ይጠይቃል። በዚሁ መንገድ የቀረበችልኝን አንዲት የ1967 ሞዴል (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀብድ ሳልከፍል እንድትመረመር አድርጌ ስለነበር፣ የተገኘውን ነገር ሌሎች ገዢዎችም ሊያውቁት ይገባል።

አጭበርባሪዎች በ1967 ሞዴል ላይ የሚረባረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሞዴል ዓመት በሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ከተሠሩት 22,940 ኮርቬቶች መካከል ሦስት ካርቡራተር ያለውንና 435 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠውን የ427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ይዘው የወጡት ከ4,000 ያነሱ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ እነዚህን ከሌሎቹ አይለይም፤ ምክንያቱም የኮርቬት የሻንሲ ቁጥር የሞተሩን ዓይነት መጠቆም የጀመረው በ1972 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ የሚነግረን ጣሪያዋ ድፍን ወይም ተከፋች መሆኑን፣ የሞዴሉን ዓመት፣ ፋብሪካውንና ተራ ቁጥሯን ነው። ስለዚህ በትንሹ የ327 ሞተር የወጣችን መኪና ኮፈኗን ቀይሮ፣ ከሌላ ቦታ የተገኘ 427 ገጥሞ እንደ ብርቅ ማቅረብ ሥራውን ለሚያውቅ ጋራዥ ከባድ አይደለም።

እውነቱ የሚገኘው በሞተሩ ብሎክ ላይ ነው። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት፣ አንድ ጠባብ ለስላሳ ገጽ አለ፤ ፋብሪካው ሞተሩ የተገጣጠመበትን ቦታ፣ ወርና ቀን፣ የሞተሩን ዓይነት የሚያሳዩ ፊደላትና ከመኪናዋ ተራ ቁጥር ጋር የሚገጥም ቁጥር የሚመታው እዚያ ነበር። የ427 ሞተር የሚሠራው በኒው ዮርክ ግዛት ቶናዋንዳ ውስጥ ስለነበር ምልክቱ የሚጀምረው በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ነው። አጭበርባሪው ይህን ገጽ በማሽን ይልጠውና የሚፈልገውን ቁጥር እንደገና ይመታበታል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ገጹን ሲያስተካክል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ጭረቶች ይቀሩ ነበር፤ ብሎኩ እንደገና ከተላጠ እነዚህ ይጠፋሉ ወይም በምትካቸው ክብ ክብ ጭረት ይታያል። መርማሪው ያገኘው ክብ ክቡን ነበር፤ በማስታወቂያው ላይ የወጣው የዚያ ገጽ ፎቶግራፍ ብቻ ተለይቶ የደበዘዘው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚህ ይበልጥ የማያከራክረው ግን ብረቱ ቀልጦ በብሎኩ ቅርጽ ሲፈስ አብሮ የወጣው የቀን ምልክት ነው። በዚህ ምልክት ላይ ወሩ የሚጻፈው በፊደል ሲሆን «ኤ» ጃንዋሪን፣ «ኤል» ዲሴምበርን ያመለክታሉ። ብሎኩ በቅርጽ ይፈሳል፣ ከዚያ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻም መኪና ውስጥ ይገባል፤ የሦስቱ ቀኖች ቅደም ተከተል ሊገለበጥ አይችልም። የዚህች መኪና ብሎክ «ኤፍ» ማለትም ጁን 1967 ላይ የፈሰሰ ሲሆን፣ መኪናዋ ግን በተራ ቁጥሯ መሠረት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ተሠርታ አልቃለች። ሻጩን ስለዚህ ብጠይቀው ፋብሪካው በዚያ ዘመን መዝገብ አያያዙ ልቅ እንደነበር አስረዳኝ። መዝገቡ የቱንም ያህል ልቅ ቢሆን፣ ገና ያልተሠራ ሞተር የሚገጥም ፋብሪካ አልነበረም።

ወረቀቶችም በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው የመኪናዋን ተጨማሪ ዕቃዎች ዘርዝሮ በነዳጅ ሰልባትዮው ላይ ይለጥፈው የነበረው ወረቀት ከተለጠፈበት ሳይነሳ ከታየ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በላስቲክ ተሸፍኖ ከተሰጣችሁ ግን አዲስ ታትሞ ሊሆን ይችላል። በ1974 የተቋቋመው ብሔራዊ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር መኪናዋ መጀመሪያ ወደ የትኛው መሸጫ እንደተላከች የሚገልጽ ሰነድ በክፍያ ይሰጣል፤ ሰነዱ ጠቃሚ ቢሆንም ስለ ሞተሩ አይመሰክርም። በኢንተርኔት የሚሸጡት የመኪና ታሪክ ዘገባዎች ደግሞ ከ1981 ወዲህ ለመጣው ባለ 17 ምልክት ቁጥር የተዘጋጁ ስለሆኑ እዚህ ላይ አይረዱም።

ስለ ዝገት ብዙ አልልም። ቦዲው ፋይበርግላስ ቢሆንም ሻንሲውና የፊት መስታወቱን የሚይዘው የውስጥ አጽም ብረት ናቸው፤ መኪናዋ ተነሥታ ከሥር ሳትታይ ስለ እነሱ የሚነገረውን አትቀበሉ።

የሻንሲ ቁጥሩን የያዘችው ሰሌዳ ተነቅላ እንደገና የተመታች ከመሰለች ግን ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። በካንሳስ አንድ ሰው ወደ 50,000 ዶላር ገደማ ከፍሎ የገዛት የ1959 ኮርቬት፣ ቀድሞ በታደሰችበት ጊዜ ሰሌዳዋ ተነሥቶ በሌላ ሪቬት ተመልሶ ስለነበር፣ በ2017 በፖሊስ ተይዛለች። ገዢው ከዕድሳቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ እንዲያም ሆኖ መኪናዋ እንዳትጨፈለቅ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክሯል፤ ግዛቱ ለታደሱ የቆዩ መኪኖች ሕጉን ያሻሻለውም በ2022 ነው።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሽያጭ የሚፈጸመው «ባለችበት ሁኔታ» በሚል ቃል ስለሆነ፣ ሻጩ በስልክ የተናገረው ሁሉ ከፊርማ በኋላ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ሞተሩ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ራሱ መሆኑን፣ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ቀብዱና ዋጋው በሙሉ እንደሚመለስ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ሻጭ በማስታወቂያው ላይ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ጽፎ ሳለ፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በፊርማው ሥር ለማስፈር ፈቃደኛ አልሆነም።