የዓለም ካርታ፦ ዳይስ በትኖ ወይስ በኮምፒውተር?

እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ላሉ፣ ተጫዋቾች በምናብ ዓለም ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆነው ለሚጫወቷቸው የጠረጴዛ ጨዋታዎች አዲስ ዓለም በዕጣ ማውጣት ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ዳይስ ነው። አንድ እፍኝ ዳይስ ትልቅ ወረቀት ላይ ይበተናል። ዙሪያውን በእርሳስ ሲከቡት የባሕር ዳርቻው ይወጣል። 6 ያረፈበት ተራራ፣ 1 ያረፈበት ረግረግ ይሁን ይባላል። ከሌሎቹ ርቃ የተንከባለለችው ደሴት ትሆናለች። በታኞቹ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከሆኑ ደግሞ አገሩ የእነሱ ነው። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

ሌላው እንደ አዝጋር ያለ ነፃ የካርታ ማመንጫ ነው። ብራውዘር ላይ ይከፈታል። መሬቱን በሺዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ከፍታ ይሰጣል። ወንዙም ቁልቁል ይወርዳል። በእጃችን ስንስል ብዙ ጊዜ የምንስተው እሱን ነው፤ ሳናስበው ወንዙን ሽቅብ እንነዳዋለን። ማመንጫው መንግሥታቱን፣ ከተሞቹን፣ ሃይማኖቱን ሳይቀር ይሞላል። ቅንብሩ ካልተነካ፣ ካርታው የተነሣበትን ሲድ የሚባለውን ቁጥር ስናስገባ ያው ካርታ ተመልሶ ይመጣል።

ግን ዝርዝሩ ይበዛል። የጨዋታው የመጀመሪያ ምሽት የሚፈልገው አንድ መንደር፣ አንድ መንገድና አንድ የሚያስፈራ ጫካ ነው። ለዓመት ለሚዘልቅ ጨዋታ አዝጋርን እከፍታለሁ። ቅዳሜ ማታ ለሚጀመረው ግን ወረቀቱን ዘርግቼ ዳይሱን ለተጫዋቾቹ አድላለሁ።