ሳቢያን ያለው ስም የለሽ ጋራዥ፦ የአሮጌ ሃይሉክስ ፍሪሲዮንና ፍላይዊል

ድሬዳዋ መካኒክ አይጠፋባትም። ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘውን ክፍል፣ አውርዶ አዲስ የሚገጥም በየመንገዱ አለ። የጠፋው "ለምን አለቀ?" ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ አግኝቻለሁ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም "ጋራዥ" ተብሎ ከመጻፉ በቀር ስም የለውም፤ ባለቤቱን እኔ "ጋሼ" ነው የምላቸው።

መኪናዬ 1994 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ባለ 3ኤል ሞተር፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ፎር ዊል። ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና ጭኜ ሐረር ላሉ ሱቆች አደርሳለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ሀረማያ ጋ 2,000 ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛው ዳገት ደግሞ ደንገጎ ላይ ነው። ጭነት የከበደው አይሱዙ ከፊት ካለ በቃ፣ በአንደኛ ማርሽ መጎተት ነው። መቆም፣ ዳገት ላይ እንደገና መነሳት፣ ደግሞ መቆም። ፍሪሲዮን የሚያልቀው እዚያ ነው።

የኔዋ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ቀጥሎ ያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ብቻ ተቀይሮልኝ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ችግሩ ተመለሰ። የት እንደሆነ ይቅር።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት መኪናዋ ላይ ወጡ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አራተኛ አስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁት። ፍሪሲዮኑ ደህና ቢሆን ሞተሩ እዚያው ቀጥ ማለት ነበረበት። የኔ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ቀጠለ። "በሉ እትዬ፣ ወርዶ ይታይ" አሉኝ።

የፎር ዊል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው ትራንስፈር ጋር፣ ከባድ ነው፤ ማውረዱ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ደስ ያለኝ ግን ከማውረዱ በፊት የሆነው ነው። ረዳቱ ልጅ የፊትና የኋላ ካርዳኖቹን (ኃይል ወደ ጎማ የሚወስዱትን ዘንጎች) ሳይፈታ በነጭ ቀለም መገጣጠሚያቸው ላይ ምልክት አደረገ። በነበሩበት ካልተመለሱ ሚዛናቸው ተዛብቶ መኪናው ይንቀጠቀጣል አለኝ። ማንም አላዘዘውም። ጺም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው፣ አቦ!

ሸራው ሲወጣ ጋሼ ወደ ፀሐይ አዙረው አሳዩኝ። ሪቬቶቹ ገና ጥልቅ ናቸው፣ ማለትም ሸራው አላለቀም። ጠርዙ ግን ጠቁሮ ያብለጨልጫል። "ይሄ ተበልቶ አይደለም፣ ዘይት ጠጥቶ ነው" አሉ። ባትሪ አብርተው ሞተሩ ጀርባ ላይ የክራንኩን የኋላ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ጎማ፣ አሳዩኝ። ያልባል። ያለፈው ጋራዥ አዲስ ሸራ የገጠመልኝ እዚያ ላብ ላይ ነው። ሲሏ እኮ ቀለበት የመሰለች ጎማ ናት፤ ዋጋዋም ከሸራው ጋር አይወዳደርም። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ በኋላ እሷን ሳይቀይሩ መመለስ ምን ይባላል?

ከዚያ ፍላይዊሉ። ሸራው የሚጫነው እዚህ ከባድ ብረት ላይ ነው። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረበት፤ ብረት ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ቀለም ነው። ጥፍሬን ስጎትትበት የፀጉር ያህል ስንጥቆች ያዙኝ። ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ቶርኖ ላይ ያሉት አዛውንት እጃቸውን የፈቱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ይቺ ከተማ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ብረት የሚያውቅ እጅ ቢገኝባት አይገርምም። ትንሽ ላጡት፣ አዩት፣ እንደገና ላጡት፣ ከዚያ ማሽኑን አጠፉ። ስንጥቁ አልጠፋም። "ከዚህ በላይ ከቆረጥኩት ይሳሳል። በዚያ ፍጥነት እየዞረ ቢፈነዳ ያለው እግርዎ ሥር ነው" አሉኝ። ያስከፈሉኝ ለላጡት ብቻ ነው። ቆርጠው ገንዘቡን ተቀብለው ቢሸኙኝ እኔ በምን አውቃለሁ?

አዲስ ፍላይዊል ድሬ ውስጥ ስላላገኘን ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ፣ ከተመሳሳይ ሞተር የወረደ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣልኝ። ጋሼ ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው ጥርሱን ቆጠሩ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስተያዩ። ጥርሱ ሞተሩን ከሚያስነሳው ሞተሪኖ ጋር ካልገጠመ መኪናዋ በቁልፍ አትነሳም፤ ያንን ካምቢዮው ከተሰቀለ በኋላ ማወቅ ደግሞ መከራ ነው። ፍሪሲዮኑን ግን አዲስ አይሲን ነው የገዛሁት፤ ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው አንድ ላይ። ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ የሚያቀርብ የጃፓን ድርጅት ነው። አስመሳይ ካርቶን ስለሚበዛ ሱቁ ድረስ ልጁን አብሮኝ ላኩት፤ ገንዘቡን የከፈልኩትም ደረሰኙን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ጋራዡ መሃል ገብቶ ኮሚሽን አልበላም።

ሲገጥሙ ቆሜ አየሁ። የፍላይዊሉን ፊት በቲነር አጠቡት፣ ከዚያ በኋላ በእጁ የነካው የለም። የሸራው ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ካምቢዮ ዞረ። በላስቲክ መሃል ማስያዣ ዘንግ ሸራውን አስተካክለው ቡሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያሉ አጠበቁ። መጨረሻ ላይ ቶርክ ሬንች፣ የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካው ቁልፍ፣ ወጣ፤ 19 ኒውተን ሜትር። እኔ በየጋራዡ ያየሁት "ጥብቅ አድርገው!" ሲባል ነው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። "ነገ ትደርሳለች" የሚሉትን ነገ አትመኑ። ከሰዓት በርጫ፣ የጫት ሰዓት፣ ነው፤ ጋሼ ባይቅሙም ልጆቹ ይጠፋሉ፣ ሥራው እስከ አስር ሰዓት ይቆማል። በዚያ ሙቀት መቀመጫ የሚባል ነገር የለም፣ ያገኘሁት አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ነው። ዋጋም በጽሑፍ አይሰጡም። ለእጅ መጀመሪያ 7,000 ብር ተባልኩ፣ መጨረሻ ላይ 8,000 ሆነ። ጭማሪው ለኦይል ሲሉ ሥራ ነው አሉ። ተገቢ ነው፣ ግን ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ነበረበት? አሮጌውን ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ስላስረከቡኝ ብዙም አልተከራከርኩም።

ለመጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት እንዳልጭን፣ ዳገት ላይም በፍሪሲዮን ይዤ እንዳልቆም ነገሩኝ። ያንን ጨርሼ ሙሉ ጭነት ይዤ ደንገጎን ወጥቻለሁ። መርገጫው ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለም፣ ከታች ሲታይም ደረቅ ነው። የሚሄድ ሰው ጠዋት በሁለት ሰዓት ይድረስ፣ መለዋወጫውንም ራሱ ይግዛ። ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ አሁንም ትንሽ ትንጫጫለች። ጋሼ "እሱ የሲንክሮ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ሂሳብ ነው" ብለውኛል (ሲንክሮ ማርሽ ሲገባ ጥርሶቹን የሚያስማማው ካምቢዮው ውስጥ ያለ ዕቃ ነው)፤ ከበዓል በኋላ እመለሳለሁ።