ክራርና ጊታርን በአንድ ዘፈን፦ ከኪቦርዴ ጋር የከረምኩበት

ኪቦርዱን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ያገለገለ፣ ባለ 61 ቁልፍ። ለአረብኛ ሙዚቃ የሚሠሩት ባብዛኛው ስለሚመሳሰሉ ሞዴሉን አልጠቅስም። እኔን የሳበኝ የእያንዳንዱን ድምፅ ቅኝት ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው። እንደተገዛ ግን አንዷን ቁልፍ ስትጫኑ ድምፁ 50 ሴንት (ሴንት የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ሩብ ድምፅ ማለት ነው። ለአረብኛ ጥሩ ነው፣ ለትዝታ ግን በዛ።

ፒያኖ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት። ስለዚህ ከዶ እስከ ሚ 400 ነው። ንጹሑ፣ ሁለቱ ድምፆች ሳይንቀጠቀጡ የሚገጥሙበት ዶ-ሚ ግን 386 አካባቢ ነው። አብሮኝ የሚጫወተው ክራር ተጫዋች በጆሮው ሲቃኝ ሚውን ወደዚያው ያወርደዋል። እኔም ሜኑ ውስጥ ገብቼ ሚን 14 ሴንት ቀነስኩና ሴቭ አደረግኩት። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ድምፁ ረዘም ብሎ ሲያዝ ግን የነበረው መንቀጥቀጥ ጠፋ።

ችግሩ ጊታሩ ሲገባ ነው። አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር (ፍሬቱ) አይነቃነቅም፣ የፒያኖውን ቅኝት ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ኪቦርዱ አኮራኝ፦ ቀኝ እጄን በክራሩ ቅኝት፣ ቤዙንና አጃቢውን በፒያኖው አድርጌ ባንዴ እጫወታለሁ። ጊታሪስቱን ደግሞ ከኮርዱ ሚን እንዲያወጣ ለመንኩት። ዶና ሶል ይበቃሉ፤ የፒያኖው ሶል ከንጹሑ የሚለየው በ2 ሴንት ብቻ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። ዘፈኑ ባዶ ይሆናል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። አልሆነም፣ እንዲያውም ክራሩ ጎልቶ ወጣ።

የማልወደውም አለ። ድምፅ ገና እያስተጋባ ቅኝት ከቀየርኩ የተንጠለጠለው ድምፅ ይንሸራተታል። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስንሻገር ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ የምንተወው ለዚህ ነው። ሌላው፣ ያስተካከልኩት ሚ በሁሉም ኦክታቭ እኩል ይወርዳል፤ የላይኛውን ብቻ መለየት አይቻልም። መሲንቆ ሲገባማ እጄን አነሳለሁ። ጣቱ ባንዷ ጭራ ላይ እየተንሸራተተ ለሚጫወት ሰው የትኛውን ቁጥር ትሞሉለታላችሁ?

ብቻውን ለሚጫወት ተራው ኪቦርድ ይበቃዋል። ከክራር ጋር ለሚሠራ ግን ዋጋውን ያወጣል። ስትገዙ ቅኝቱ ለቀኝ እጅ ብቻ ተለይቶ ይሠራ እንደሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ሁሉንም ባንዴ የሚያዞር ከሆነ ይቅርባችሁ።