በጥቅምት ካሚኖ፦ ስሊፒንግ ባግ ወይስ የከረጢት አንሶላ?

ካሚኖ የሚባለው የተሳላሚዎች መንገድ ከፈረንሳዩ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር እስከ ስፔኑ ሳንቲያጎ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር። የሚታደረው አልቤርጌ በሚባሉ የተጓዦች ማደሪያዎች፣ ብዙ ጊዜ ተደራራቢ አልጋ ላይ ስለሆነ ድንኳኑን እርሱት። ምርጫው በቀላል ስሊፒንግ ባግ (ዚፕ ባለው ወፍራም የመኝታ ከረጢት)ና እንደ ከረጢት በተሰፋ ቀጭን የሐር አንሶላ መካከል ነው።

ክብደት፦ አንሶላው 150 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ይገባል። ባጉ ቀላል ቢባል እንኳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። ትከሻችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል።

ዋጋ፦ አንሶላው ይረክሳል። በላባ የተሞላ ባግ ኪስ ይጎዳል።

ሙቀት፦ ወሳኙ ይሄ ነው። አንሶላው ብቻውን አያሞቅም፣ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፤ ብዙ አልቤርጌዎች ብርድ ልብስ ቢኖራቸውም ሁሉም የላቸውም፣ እንደ ኦ ሴብሬይሮ 1,300 ሜትር ላይ ባለ መንደር ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ብርድ ልብሱ አልቆ ሌሊቱን ጃኬቱን ለብሶ ሊያነጋ ይችላል። ባግ የያዘ ሰው ግን ዚፑን ዘግቶ ይተኛል።

እጥበት፦ ሐር ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል። ላባ በመንገድ ላይ ማጠብ ጣጣ ነው።

ትኋን፦ ሁለቱም አያስጥሉም። ቦርሳችሁን አልጋው ላይ ሳትጥሉ በፊት የፍራሹን ስፌት በባትሪ እዩት፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አልጋ ቀይሩ።

በመስከረም ለሚጀምር፣ ሙቀት ለማያጣው ሰው አንሶላው ይበቃል። ጥቅምት መጨረሻ ሳንቲያጎ ያለችበት ክልል፣ ጋሊሲያ፣ ለሚደርስና ብርድ ለማይችል ባጉ ይሻላል። እኔ ብርድ ስለምፈራ ባጉን እይዝና ሁለተኛውን ሱሪ እቀንሳለሁ።