ፉከራ ወይስ ፎቶግራፍ?

መሪን በዘመኑ ሰው ዓይን ምልክት የሚያደርገው የቱ ነው? ጎጃም ሁለቱንም አይቷል።

ወጪ፦ የአርበኛው የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ስም በጎጃም የናኘው በቀረርቶና በፉከራ ነው። ለዚህ ጠላና ጥሩ ድምፅ ይበቃል። የጓድ መንግሥቱ ኃይለማርያም ፎቶ ግን በጀት፣ ማተሚያ ቤት፣ ፍሬምና ሚስማር ይፈልጋል።

ፍጥነት፦ እዚህ ላይ ፎቶው ይበልጣል። ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ አለቀ።

አደጋ፦ ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። በላይ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደለ፤ ቀረርቶው ግን አልሞተም። በሰርግም በለቅሶም ይወርዳል። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ፎቶው ወረደ፤ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀረ። ማንም አላዜመለትም ማለቴ ግን አይደለም፤ የደርግ የኪነት ቡድን ነበር፣ በትእዛዝ የሚያዜም።

ለማን? ወንበር ላይ ላለ፣ ቶሎ መታወቅ ለሚፈልግ፦ ፎቶ። ዱር ቤቴ ላለ፦ ፉከራ። ስለ መሪው ጥፋት ለሚጠይቅ ሁለቱም አይረዱትም።